ተዳፋት መሬት ከመንሸራተቱ በፊት ምልክቱን በካርታ ስለ መያዝ

(በግንቦት ወር፥ ክረምት ከመግባቱ በፊት፥ በደብረ ሲና አካባቢ ለተሰበሰቡ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ ለመናገር አይደለም። ዘሩም ማዳበሪያውም የሚጠቅመው መሬቱ በቦታው ሲቆይ ነው። የዛሬው ነገሬ መሬቱ ራሱ ከነቤቱ፥ ከነበረቱና ከነጎተራው ተነሥቶ ስለሚሄድበት ጊዜ፥ ይህም ከመሆኑ በፊት ምልክቱን አይተን በካርታ ላይ ስለምናሰፍርበት መንገድ ነው። እርግጥ ነው፥ ስለ መሬት መንሸራተት ለዚህ አገር ሰው መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። በ1998 ዓ.ም. በመስከረም ወር በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ የሆነውን በዓይናችሁ ያያችሁ፥ የተፈናቀሉትንም ዘመዶቻችሁን ተቀብላችሁ ያስጠጋችሁ ከመካከላችሁ አላችሁ። እኔ ከማውቀው ብዙው ከእናንተ የሰማሁት ነው፤ የቀረው ከትምህርትና ከገዛ ስሕተቴ የተገኘ ነው።

በመጀመሪያ ስለዚያ መስከረም ጥቂት ላንሣ። ያ ጊዜ ክረምቱ ሊያበቃ የተቃረበበት፥ ሰው ሁሉ ዘንድሮንም በደኅና ወጣን ብሎ መስቀልን የሚጠባበቅበት ሰሞን ነበር። በሐምሌ፥ ዶፉ ሲወርድ፥ ያልሄደው መሬት በመስከረም ሄደ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ፤ ቤቱም እርሻውም ጠፋ። ለምን በመስከረም ሆነ? ብላችሁ ብትጠይቁ፥ መልሱ ከእግራችን በታች ነው።

ይህ ከጣርማ በር ጀምሮ ወደ ሮቢ ወንዝ የሚወርደው ተዳፋት አንድ ወጥ ዐለት አይደለም። ጥንት እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ጠንካራ ቢሆንም የተሰነጣጠቀ ነው፤ በንብርብሩም መካከል ከእሳተ ገሞራው ዐመድ የተገኘ፥ በዘመን ብዛት ወደ ሸክላ አፈርነት የተለወጠ ስስ ሽፋን አለ። የዝናብ ውኃ በስንጥቁ ይወርድና ከሸክላው ሲደርስ ማለፍ አቅቶት ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን እየሄደ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ይወጣል፤ ምንጭ የምንለው ይህ ነው። ይህም ጉዞ ቀን ወይም ሳምንት ብቻ የሚወስድ አይደለም። በሐምሌ የገባ ውኃ በጥልቁ ተጠራቅሞ ኃይሉ የሚሰማው በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሰማዩ ጠራ ብሎ ወደ ተሰነጠቀ ቤት መመለስ ትልቅ አደጋ ነው።

ውኃው ከመሬት ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ክብደት ይጨምራል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ1 ሄክታር ላይ የወረደው ውኃ 500 ቶን ይመዝናል። ሁሉም አይሰርግም፤ ነገር ግን ሲሶው እንኳ ቢሰርግ ምን ያህል ሸክም በተዳፋቱ ላይ እንደ ተጫነ አስቡት። ሁለተኛውና የባሰው ግን ይህ ነው፦ ከወንዝ ውስጥ ድንጋይ ያነሣ ሰው ውኃው ውስጥ ሳለ እንደሚቀለው፥ ከውኃው ሲወጣ እንደሚከብደው ያውቃል። በመሬት ውስጥም ውኃ ሲሞላ የላይኛውን አፈር ከታች ደግፎ ያነሣዋል፤ አፈሩ ከሥሩ ያለውን ሸክላ መጨበጡን ይተዋል። ሸክላውም እንደ ረጠበ ሳሙና ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ምክንያት ይበቃዋል፤ የአንድ ሌሊት ዝናብ፥ ለመንገድ ወይም ለቤት ተብሎ የተቆረጠ የተዳፋት እግር፥ ከበላይ የሚያንጠባጥብ የመስኖ ቦይ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ይህን የምናገረው ባልደረቦቼ የልማት ሠራተኞች እንዲሰሙኝ ነው።

ከእርሻ ኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ቀበሌ የተፋሰስ ሥራ እመራ ነበር። የተማርነው ውኃን በወረደበት አስቀረው የሚል ነው፤ ይህም በአብዛኛው አገር ትክክለኛ ምክር ነው፤ አሁንም እመክረዋለሁ። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ከአንድ መንደር በላይ 100 ትሬንች ቆፈረ። እያንዳንዱ 3 ሜትር ርዝመት፥ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ነበረው። ሥራው ሲያልቅ እጅግ ያምር ነበር፤ እኔም ፎቶግራፍ አንሥቼበታለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጥተው፥ ይህ ቦታ በአባታቸው ዘመን የሄደ መሬት መሆኑን፥ ውኃ ባይታቆርበት እንደሚሻል በትሕትና ነገሩኝ። እኔም፥ አባቴ፥ መሬቱን የሚያጠፋው ጎርፍ ነው እንጂ የሰረገ ውኃ አይደለም፥ ብዬ መለስኩላቸው። በክርክር አልገፉብኝም፤ ዝም ብለው ሄዱ።

አንዱ ትሬንች 750 ሊትር ይይዛል፤ 100ው አንድ ጊዜ ሲሞሉ 75,000 ሊትር ነው። በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ እንደ ሞሉ አልቆጠርኩም። በነሐሴ ከትሬንቾቹ በላይ ስንጥቅ ታየ፤ በሳምንቱ ሁለት ማሳና አንድ ጎተራ ይዞ ወረደ። የሰው ነፍስ አልጠፋም፤ ያልጠፋውም በእኔ ብልኀት ሳይሆን ባለቤቶቹ በዚያ ሌሊት ለቅሶ ሄደው ስለ ነበር ነው። ሽማግሌው በኋላ ሲያገኙኝ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ትሬንችና ዙሪያውን የተስተካከለ እርከን ከመሠራቱ በፊት፥ ይህ መሬት ከዚህ ቀደም ሄዶ ያውቃል ወይ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ አዎን ከሆነ፥ ሥራው ይለወጣል እንጂ አይቀርም። በዚያ ቦታ ውኃውን ማስቀረት ሳይሆን በቀስታ ማስወጣት ነው። ከሚያሠጋው መሬት በላይ፥ ጠንካራ በሆነው ሥፍራ ላይ፥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀደዳል፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ዝቅ እያለ በውኃ ልክ ይሠመራል። መድረሻው ዐለት ያለበት ወይም ሣር የለበሰ ነባር መውረጃ ይሁን። የጎረቤት ማሳ ላይ ከደፋነው መንሸራተቱን ወደ ሌላ አዛወርነው እንጂ አላዳንንም፤ ጠብም ገዛንበት። እርከኑም እንዲሁ ተዳፋትነት ተሰጥቶት ውኃውን ወደ መውረጃው እንዲሸኝ ይደረጋል። በየማሳችሁ የምታወጡት ፈሰስ የዚህ ሥራ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቶቻችን ነገሩን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል።

ስለ ዛፍም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ዛፍና ሣር፥ ለምሳሌ ደሾና ቬቲቨር፥ ከላይ ያለውን አፈር አሥረው ይይዛሉ፤ ተክሉ። ዳሩ ግን መንሸራተቻው 10 ወይም 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ እንደ ሆነ የዛፍ ሥር አይደርስበትም፤ ዛፉ ቆሞ አብሮ ይሄዳል። በተከልነው ዛፍ ተማምነን ከሥሩ ቤት እንዳንሠራ ነው የምለው።

እንግዲህ የሄደውን መሬት እንዴት እናውቃለን? ካርታውስ እንዴት ይሠራል? ካርታ ስል በጽሕፈት ቤት የሚሣለውን ብቻ አትቁጠሩት። የመጀመሪያው ካርታ በደጅ፥ በተጠረገ መሬት ላይ የሚሠራ ነው። ወንዙና ሸለቆው በዐመድ ይሠመራሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፥ መስጊዱ፥ ትምህርት ቤቱና ወፍጮው በድንጋይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቤት በባቄላ ፍሬ ይመለከታል። በዚህ ካርታ ፊት ያልተማረ የሚባል ሰው የለም። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል ጎንበስ ብሎ፥ የለም፥ ምንጩ ከዋርካው በላይ ነው፥ እያለ ያርማል። ሁሉም ከተስማሙ በኋላ የልማት ሠራተኛው ወደ ወረቀት ይገለብጠዋል፤ ከሳተላይት ከተነሣ ፎቶግራፍ ጋር ያስተያየዋል፤ ቦታዎቹንም በእጅ ስልኩ ይለካቸዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ከሳተላይቱ ፎቶግራፍ ከጀመርን ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ተዘጋጅቶ የመጣለትን አይቶ መልካም ነው ብሎ ይበተናል።

በካርታው ላይ ፊት የሚሰፍረው የቀድሞ ናዳ ነው፤ መሬት አንድ ጊዜ በሄደበት መሄድ ይወዳልና። ከላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎደጎደ ገደል፥ ከሥሩ ጉብ ጉብ ያለ መሬት፥ በመካከሉም ውኃ የሚያቁር ረግረግ ካያችሁ ያ የቆየ ናዳ ነው። ወዲያና ወዲህ ያዘመሙ ዛፎች፥ ግንዳቸው ከሥሩ ተጣሞ ወደ ላይ የተቃና ዛፎችም ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ናዳ ያወረደው አፈር ጥልቅና ለስላሳ ነው፤ ምንጭም አያጣም፤ በገደላማ አገር ሜዳ መሳይ ሆኖ የሚገኘውም እሱ ነው። ስለዚህ ሰው መርጦ የሚሰፍረው፥ ጥሩ ምርትም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዚሁ መሬት ላይ ነው። ተሳስቶ አይደለም፤ መሬቱ ደግ ስለ ሆነ ነው። የናዳው ድንጋይ የት ድረስ ወርዶ እንደ ቆመ ደግሞ ተከትላችሁ ምልክት አድርጉ፤ የሚመጣውም እስከዚያ፥ ምናልባትም አልፎ፥ ሊደርስ ይችላል።

ቀጥሎ ውኃው ነው። በአንድ ቀበሌ ካርታውን ከወንዶች ጋር ብቻ ሠርተን ጨረስንና ሦስት ምንጮች አገኘን። በማግስቱ ቡና ያፈሉልን እናት ወረቀቱን አይተው፥ በየቀኑ ውኃ የሚቀዱባትን ምንጭ ለምን እንደ ተውናት ጠየቁ። ከዚያ ሴቶቹን ሰበሰብን፤ ምንጩ ሰባት ሆነ። ከሰባቱም አንዱ በዚያው ዓመት የፈለቀ፥ ሌላው በክረምት የሚደፈርስ ነበር። አዲስ ምንጭ መፍለቁ፥ የነበረው በድንገት መድረቁ ወይም ጭቃ ይዞ መውጣቱ ከሁሉ የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው እንስራ የሚሸከመው ነው። ስንጥቁን ደግሞ የሚያውቁት እረኞች ናቸው፤ በገደሉ ጫፍ ላይ የሚውሉት እነሱ ስለ ሆኑ ልጆች ናቸው ተብለው አይተዉ።

በቤት ውስጥ የሚታየውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሩ እንቢ ብሎ አልዘጋ ይላል፥ ግድግዳው ይተረተራል፥ ምሰሶው ያዘማል። ይህም በካርታው ላይ በቤቱ አጠገብ ይጻፋል።

ስንጥቅ ሲገኝ ዝም ብሎ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ይለካል። በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ፥ ጠንከር ባለ መሬት ላይ፥ አንዳንድ ካስማ ይተከልና በራሳቸው ላይ ምስማር ይመታል። በሁለቱ ምስማሮች መካከል ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፋል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ በክረምት በየቀኑ ይለካ፤ መስከረምም እስኪያልቅ አይቋረጥ። ከሳምንት ወደ ሳምንት ከሰፋ ለቀበሌውና ለወረዳው ይነገር፤ የጂኦሎጂ ባለሞያም መጥቶ እንዲያየው ይጠየቅ፤ ጥልቀቱን እኔም እናንተም በዓይናችን ልናውቀው አንችልም። ከትናንት እስከ ዛሬ ሰፍቶ ከተገኘ ግን ባለሞያ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም፤ ያን ሌሊት ከሥሩ ባለው ቤት ማንም አይደርበት። ስንጥቁንም በሸክላ አፈር ሞልቶ መጠቅጠቅ ውኃ እንዳይገባበት ይረዳል፤ መድኃኒቱ እሱ ነው ብላችሁ ግን አትታለሉበት።

ዝናቡንም ለኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ በገላጣ ቦታ አስቀምጦ ጧት ጧት በማስመሪያ መለካት ቀላል ነው። ይህን ያህል ከዘነበ መሬት ይሄዳል የሚል ቁጥር ከሌላ አገር ተውሶ ማምጣት አይበጅም፤ የእናንተን መሬት ጠባይ የሚነግራችሁ የእናንተ ደብተር ነው። የዝናቡና የስንጥቁ ቁጥር ጎን ለጎን ለሁለት ለሦስት ክረምት ከተጻፈ ብዙ ያስተምራል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ደረስኩ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ግን በመጀመሪያው ናዳ የሞቱ አይደሉም። ናዳው ጥቂት ቤተ ሰቦችን ከቀበረ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ፤ በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ከላይ ወርዶ አዳኞቹን ቀበራቸው። ከሞቱትም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራን፥ የጤናና የግብርና ባለሞያዎች እንደ ነበሩ በጊዜው ተነግሯል። የሞቱት ደጎቹ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ፈጥነው የደረሱት እነሱ ናቸውና።

በእኛም አገር እሪታ ተሰምቶ መቅረት ነውር ነው። ወገን ከአፈር በታች ሆኖ፥ ቁሙ፥ አትቅረቡ፥ ማለት ለተናጋሪውም ለሰሚውም መራራ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቢነገር ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ነገሩ ዛሬ፥ በሰላሙ ቀን፥ በሽማግሌዎች ፊት ተመክሮበት ይወሰን። እኔ የማቀርበው አሳብ እንዲህ ነው። ናዳ በወረደበት ቦታ አስቀድመው የሚገቡት የተመረጡ ጥቂት ጎልማሶች ይሁኑ፤ እነሱም ሳይገቡ በፊት ሁለት ጠባቂዎች የገደሉ ጫፍና የተሰነጠቀው መሬት ወደሚታይበት ወደ ጎን ወጥተው ይቁሙ። ጠባቂው ጠጠር ሲወርድ፥ አፈር ሲንኮታኮት ወይም ስንጥቅ ሲከፈት ካየ ጥሩንባ ይንፋ፤ ጥሩንባው ሲሰማ የያዙትን አካፋ ጥሎ ወደ ጎን መሸሽ ነው እንጂ፥ አንድ ጊዜ ይህችን ልጨርስ፥ ማለት የለም። የተቀረው ሕዝብ፥ በተለይም ሴቶችና ልጆች፥ በካርታው ላይ በአረንጓዴ በተቀባው ቦታ ይጠብቅ። በጨለማና በዝናብ፥ ጠባቂው ማየት በማይችልበት ጊዜ፥ ማንም አይግባ። ይህ የመጨረሻው ቃል እንደሚጎመዝዝ አውቃለሁ፤ ከመካከላችሁ የሚቃወመኝ ቢኖር ዛሬ ይቃወመኝ፥ እንነጋገርበት።

መሸሻውም ካልታወቀ ካርታው ከንቱ ነው። ከናዳ የሚሸሸው ወደ ቁልቁል አይደለም፤ ሸለቆውንም ተከትሎ አይደለም፤ ናዳው የሚሄደው በዚያው ነውና። መሸሽ ወደ ጎን፥ ወደ ጽኑው ዐለት ነው። የትኛው ቤት የትኛውን ቤተ ሰብ እንደሚያሳድር፥ አቅመ ደካማውን ማን እንደሚሸከም፥ ከብቱን ማን እንደሚፈታ በስም ይመደብ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ለማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉ ከካህናቱና ከሼሆቹ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በዚህ ነገር እስካሁን እንቢ ያለኝ የለም።

በመጨረሻ፥ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ያለውን ልናገረው። መሬቴ በካርታው ቀይ ከተቀባ ይወሰድብኛል፥ የማላውቀው ቦታ ውሰዱት እባላለሁ፥ በሚል ፍርሃት ስንጥቁን በቅጠል የሸፈነ ሰው አይቻለሁ። አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ቀይ ማለት ከሥሩ አይታደርም፥ ቤት አይሠራበትም፥ ውኃ አይታቆርበትም ማለት ነው፤ ሣሩን ማጨድ፥ ዛፍ መትከል፥ በበጋም ማረስ የባለቤቱ ነው። ባልደረቦቼ ሆይ፥ ይህን ለሕዝቡ ሳትገልጹ ቀለም አትቀቡ። ወረቀቱንም ይዛችሁ ወደ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት ግልባጩን በቀበሌው አኑሩ፤ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው።

ነገ ጧት በ1 ሰዓት ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ እንገናኛለን። ካስማና ምስማር እኔ አመጣለሁ፤ ዐመድና የባቄላ ፍሬ ከእናንተ ይሁን። መጀመሪያ የምንወጣው ከትምህርት ቤቱ በላይ ወዳለው ገደል ነው፤ እዚያ እረኞች ባለፈው ሳምንት አንድ ስንጥቅ አይተናል ብለዋል። እረኞቹ ይምሩን፤ ከየመንደሩም ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እንዳይቀሩ።